የድንጋይ ከሰልን በቤተ ሙከራ ወደ ፈሳሽ ነዳጅ መቀየር፦ ከወንፊት እስከ ስሌት

መጀመሪያ እንተማመን። ይሄ በጓዳ ወይም በጋራዥ የሚሞከር ነገር አይደለም። ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ፣ በከፍተኛ ግፊት የታጨቀ ሃይድሮጅን አለበት። የሚወጣው ፈሳሽም ካንሰር አምጪ ነገሮች አሉበት። የጻፍኩት የግፊት ዕቃ፣ የጋዝ ጠቋሚ፣ ጭስ የሚስብ ሁድና ሥራውን የሚያውቅ ኃላፊ ባለበት ቤተ ሙከራ የመጀመሪያ ሙከራውን ሊሠራ ለተዘጋጀ ተማሪ ነው። ሌላው ሰው ቢያነበውም አይጎዳም፤ "ተመራማሪዎች 90 በመቶውን ከሰል ወደ ፈሳሽ ቀየሩት" የሚል ወሬ ሲሰማ ቢያንስ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

የትኛው መንገድ?

ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከሰሉ በእንፋሎትና በኦክስጅን ተበትኖ ካርበን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሆናል፣ ጋዙ ይጸዳል፣ ከዚያ በብረት ወይም በኮባልት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ምላሹን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ እንደገና ተገጣጥሞ ረጃጅም የሃይድሮካርበን ሰንሰለት ይሠራል። ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሙልሃይም በነበረው የከሰል ምርምር ተቋም ያወጡት ዘዴ ነው። የደቡብ አፍሪካው ኩባንያ ሳሶልም እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ነዳጅ ያመረተው በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ቀጥተኛው ነው። እዚህ ከሰሉ ወደ ጋዝ አይበተንም። ተፈጭቶ፣ በአሟሚ ተለውሶ፣ በሃይድሮጅን ግፊት ሥር ይሞቃል። ፍሪድሪሽ ቤርጊየስ እ.ኤ.አ. በ1913 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ለከፍተኛ ግፊት ኬሚስትሪ ሥራው ከካርል ቦሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ለመጀመሪያ ሙከራ እኔ ቀጥተኛውን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው መንገድ ጋዙ አንዴ ተጸድቶ ካለፈ፣ ከከሰል ይምጣ ከእንጨት ካታሊስቱ ደንታ የለውም። ከዚያ በኋላ የምታጠኑት ካታሊስቱን እንጂ ከሰሉን አይደለም። በቀጥተኛው ግን ከሰሉ ራሱ መልኩን እያሳየ ነው የሚሄደው። አንዱ ከሰል ቶሎ ይሟሟል፣ ሌላው እንደ ድንጋይ ይቀመጣል፣ ለምን እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናወራው ስለሱ ብቻ ነው።

ጣጣው ያለው ሃይድሮጅኑ ላይ ነው

80 በመቶ ካርበንና 5 በመቶ ሃይድሮጅን ያለው ከሰል ውስጥ ለ100 የካርበን አቶም የሚደርሰው የሃይድሮጅን አቶም 75 ገደማ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ውስጥ ወደ 180 እና 200 ይጠጋል። ልዩነቱ ከየትም አይመጣም። ከውጭ ይገባል።

መግባቱ ብቻ ደግሞ አይበቃም፣ በሰዓቱ መግባት አለበት። ሙቀቱ 350 ዲግሪን ሲያልፍ ከሰሉ ውስጥ ያሉት ደካማ ማያያዣዎች መበጠስ ይጀምራሉ፤ የተበጠሰው ቁራጭ ነጻ ራዲካል ይባላል፣ ብቻውን መቆየት አይችልም፣ ያገኘውን ይይዛል። አጠገቡ ሃይድሮጅን ካገኘ ተረጋግቶ ትንሽ ሞለኪውል ሆኖ ይቀራል። ካላገኘ እርስ በርሱ ይጣበቅና ኮክ የሚባል ጠጣር ካርበን ይሆናል፤ ያ ኮክ ከመጀመሪያው ከሰል የባሰ ግትር ነው፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጉት አይመለስም። ሪአክተሩን፣ ማለትም ምላሹ የሚካሄድበትን የግፊት ዕቃ፣ ስትከፍቱ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ጥቁር ቅርፊት ካያችሁ የሆነው ይሄ ነው።

ቴትራሊን የሚባለው አሟሚ የሚወደደው ለዚህ ነው። በ207 ዲግሪ የሚፈላ ፈሳሽ ሲሆን አራት የሃይድሮጅን አቶም ለራዲካሎቹ ሰጥቶ ራሱ ናፍታሊን ይሆናል፤ አዎ፣ ያ ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የሚደረገው ናፍታሊን። ሃይድሮጅን ጋዙ መጀመሪያ ፈሳሹ ውስጥ መግባት፣ ከዚያ ካታሊስት ማግኘት አለበት፤ ቴትራሊን ግን እዚያው ከሰሉን ከቦ ተቀምጧል። ቴትራሊን ሊሰጥ የሚችለው ሃይድሮጅን ከክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። 6 ግራም ብትጠቀሙ 0.18 ግራም ይዟል ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ናሙናው

ብዙ ሰው ሪአክተሩ ላይ ይጠበባል እንጂ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ የሚበላሸው እዚህ ነው።

አንትራሳይት አትምረጡ። ከመጠን በላይ የበሰለ ከሰል ስለሆነ አይሟሟላችሁም። የሚሻለው ተለዋዋጭ ቁስ (ሲሞቅ ተንኖ የሚወጣው ክፍል) የበዛበት ቢቱሚነስ፣ ማለትም መካከለኛ ብስለት ያለው ከሰል፣ ወይም ከሱ ትንሽ ዝቅ ያለው ነው። ገና ያልበሰለው ሊግናይትም ይሠራል፣ ግን ኦክስጅን ስለሚበዛበት የከፈላችሁበት ሃይድሮጅን ከፊሉ ውሃ ሆኖ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ የታየ ትንተና ካገኛችሁ ኢነርቲናይት የሚባለው ክፍል ስንት በመቶ እንደሆነ እዩ፤ ስሙ የመጣው "ምላሽ የማይሰጥ" ከሚል ቃል ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እጁን አይሰጥም። ሌሎቹ ክፍሎች፣ ቪትሪናይትና ሊፕቲናይት፣ ናቸው የሚሟሙላችሁ።

ከመፍጨታችሁ በፊት ናሙናውን በትክክል ክፈሉት። ከጆንያው አፍ በማንኪያ ዝቆ መውሰድ የለም። ከባዱ ድንጋያማው ወደ ታች ይወርዳል፣ ብናኙ ሌላ ቦታ ይሰበሰባል፣ የወሰዳችሁት ማንኪያ ማንንም አይወክልም። ሁሉንም ንጹሕ ሸራ ላይ ክምር አድርጉት፣ ጫፉን ተጭናችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት፣ አራት ቦታ ክፈሉት፣ ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን ያዙና ሌሎቹን መልሱ። የቀረውን ቀላቅላችሁ እንደገና። የሚፈለገው መጠን እስኪደርስ እንዲሁ ይቀጥላል። አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ አማራጭ የለም።

ከዚያ ፈጭታችሁ በ250 ማይክሮን ወንፊት አሳልፉት። በወንፊቱ አልገባ ያለውን አትጣሉት፤ መልሳችሁ ፍጩት። ጠጣሩን ከጣላችሁ ከሰሉን ሳይሆን የከሰሉን ለስላሳ ክፍል ብቻ ነው የምታጠኑት። ወፍጮው እንዳይግል በትንሽ በትንሹ ፍጩ፣ ቢቻል በናይትሮጅን ሥር ይሁን። የከሰል ብናኝ አየር ላይ ሲቦን በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል አጠገቡ ክፍት ሙቀት አይኑር።

አየር የከሰል ጠላት ነው። የተፈጨ ከሰል ክፍት ተቀምጦ ሲከርም ቀስ ብሎ ኦክስጅን ይይዛል፣ የመሟሟት አቅሙም ይወርዳል፣ በዓይን ግን ምንም አይታይበትም። የአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ስምንት ዓይነት ከሰል መርጦ በናይትሮጅን ሥር በመስታወት አምፑል ያሸገው ለዚህ ነው፤ እዚህም እዚያም ያለ ተመራማሪ ስለ አንድ ከሰል ሲያወራ በእርግጥ ስለ አንድ ከሰል እንዲያወራ። እናንተም ናሙናውን በየአንዳንዱ ሙከራ ልክ በትናንሽ ጠርሙስ ከፋፍላችሁ፣ ናይትሮጅን ሞልታችሁ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።

ማድረቁ በቫኪዩም ኦቨን ነው፣ ከ105 ዲግሪ ሳይበልጥ። እርጥበቱን፣ አመዱን፣ ተለዋዋጭ ቁሱን፣ ከዚያ ካርበን፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅንና ድኝ አስለኩ። አመዱን ሳታውቁ ወደ ሪአክተሩ ብትሄዱ መጨረሻ ላይ የምታሰሉበት ነገር አይኖራችሁም።

ሪአክተሩን መጫን

ለጀማሪ 50 ሚሊሊትር ገደማ የሚይዝ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሪአክተር ይበቃል። ትንሽ ሲሆን ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቢበላሽም ጉዳቱ ያንሳል። ትልቅ አውቶክሌቭ (ትልቅ የግፊት ዕቃ) ለመሞቅ ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሥራው ተጀምሯል፣ "30 ደቂቃ አቆየሁት" የምትሉት ነገር ትርጉም ያጣል።

3 ግራም ደረቅ ከሰልና 6 ግራም ቴትራሊን ጨምሩ። ዱቄቱ ደርቆ የቀረበት ጥግ እንዳይኖር በደንብ ለውሱት። የመጀመሪያውን ሙከራ ያለ ካታሊስት ሥሩት፤ ከሰሉና አሟሚው ብቻቸውን ምን እንደሚሠሩ ሳታውቁ ካታሊስቱ ምን እንደጨመረ ማወቅ አትችሉም። ቀጥሎ ካታሊስት ስታስገቡ በብረት ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ ከቅሪቱ ጋር ቢጣልም አይቆጭም። ግን ብረት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ድኝ ይፈልጋል፤ እውነተኛው ሠራተኛ ሪአክተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የብረት ሰልፋይድ ነው። ፒራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) የበዛባቸው አንዳንድ ከሰሎች ማንም ካታሊስት ሳይጨምርባቸው ጥሩ የሚሠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ግፊቱ። በ20 ዲግሪ 70 ባር ሃይድሮጅን ሞላችሁ እንበል። በ430 ዲግሪ ስንት ይሆናል? በኬልቪን 293 የነበረው 703 ሆነ ማለት ነው፤ 2.4 እጥፍ። 168 ባር ገደማ። የቴትራሊኑ እንፋሎት ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። ስለዚህ ሪአክተሩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ልክ ስታዩ በየትኛው ሙቀት እንደተባለ እዩ። ብረት ሲግል ይደክማል፤ በክፍል ሙቀት የሚችለውን በ450 ዲግሪ አይችልም። ግፊት ሲበዛ ቀድሞ የሚቀደደው የደህንነት ዲስክም ይኑር፣ ማስወጫ ቱቦውም ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ውጭ ይሂድ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሃይድሮጅኑን ከማስገባታችሁ በፊት በናይትሮጅን ፈትኑት። ከምትሞሉት ቀዝቃዛ ግፊት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉና እያንዳንዱን መጋጠሚያ የሳሙና ውሃ ቀቡት። ጎላ ጎላ ያለ አረፋ ወዲያው ይታያል። አታላዩ ሌላው ነው፤ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ትንሽ ቆይቶ ብሎኑ ሥር እንደ ነጭ ክር የደቀቀ አረፋ ይሰለፋል። ስለዚህ ቀብታችሁ ዞር አትበሉ፣ ቁሙና እዩ። ከዚያም የግፊት መለኪያውን ለግማሽ ሰዓት ተከታተሉት። ናይትሮጅን ያላፈሰሰበት መጋጠሚያ ሃይድሮጅን ሊያፈስስ ይችላል፣ ሞለኪውሉ በጣም ትንሽ ነው። አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነ በየትኛውም መጠን እንደሚቀጣጠል ደግሞ አትርሱ። እያፈሰሰ ያለን ብሎን ግፊት ላይ እያለ ማጥበቅ ክልክል ነው። አስወጡ፣ አጥብቁ፣ እንደገና ሙሉ።

ካለፈ ሁለት ሦስቴ በሃይድሮጅን አጥቡትና 70 ባር ሙሉ። ባዶ የቀረው ቦታ 40 ሚሊሊትር ገደማ ከሆነ የገባው ሃይድሮጅን 0.23 ግራም አካባቢ ነው። ቅድም ያዟት ያልኳችሁን 0.18 ከዚህ ጋር አስተያዩት። ያ ሁሉ ግፊት፣ ያ ሁሉ ብሎን፣ ያ ሁሉ ጭንቀት የያዘው ሃይድሮጅን ጸጥ ብሎ የተቀመጠው አሟሚ ሊሰጥ ከሚችለው ብዙም አይበልጥም።

ማሞቅና ማቀዝቀዝ

አሸዋው በጋዝ የሚንሳፈፍ የአሸዋ ገንዳ ካለ ትንሹን ሪአክተር በደቂቃዎች ውስጥ ያሞቀዋል። ሙቀት መለኪያው ሽቦ (ቴርሞካፕሉ) ሪአክተሩ ውስጥ ይሁን፤ የገንዳው ሙቀትና የውስጡ ሙቀት መጀመሪያ ላይ አይገናኙም። ያለማቋረጥ ይናጥ። ካልተናጠ ከሰሉ ታች ይተኛል፣ ጋዙ ላይ ይቀራል፣ መሃል ያለው ደግሞ ኮክ ይሆናል።

425 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው። በየሁለት ደቂቃው ሙቀትና ግፊት መዝግቡ። ሙቀቱ ቆሞ ግፊቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ደስ ይላል፣ ሃይድሮጅን እየተበላ ነው። በድንገት ከወረደ ግን እየተበላ ሳይሆን እያፈሰሰ ነው፤ ማሞቂያውን ከርቀት አጥፉና አትጠጉት። ጊዜው ሲያልቅ ለዚያ የተሠራ ትንሽ ሪአክተር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ምላሹም እዚያው ይቆማል። ትልቁ በውስጡ ባለው የማቀዝቀዣ ቱቦ ነው የሚቀዘቅዘው።

ክፍል ሙቀት ሳይደርስ ቫልቭ አይነካም። ከደረሰ በኋላ የቀረውን ግፊት መዝግቡ፣ ጋዙን በናሙና ከረጢት ያዙ፣ የተረፈውን ሁድ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሟሟበት ውሃ አሳልፋችሁ አስወጡ። ውስጡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ። እሱ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፣ "ሽታው ጠፋ" ያለ ሰው አደጋው የባሰበት ሰው ሊሆን ይችላል። ካርበን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከነጭራሹ አይሸትም። በአፍንጫ መተማመን የለም፣ ጠቋሚው ደረት ላይ ይሁን።

ስትከፍቱት የምታዩት ቤንዚን አይደለም። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ብርሃን ላይ ጠርዙ ቡናማ የሚመስል፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ነገር ነው። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። ብዙ ቀለበት ያላቸው አሮማቲኮች (ካርበኖቻቸው በቀለበት የተያያዙ፣ ካንሰር የሚያመጡ ያሉባቸው ሞለኪውሎች) ስላሉበት ቆዳ ላይ የሚቀር ቀልድ አይደለም።

ማጠብ፣ ማጣራት፣ መመዘን

ሪአክተሩን ቴትራሃይድሮፉራን በሚባል አሟሚ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አጥባችሁ አውጡ። ክዳኑን፣ ቴርሞካፕሉን፣ የመጋጠሚያውን ጥርስ (ክሩን) ሁሉ። ቴትራሃይድሮፉራን ሲቆይ የሚፈነዳ ፔሮክሳይድ ይሠራል፤ ከመጠቀማችሁ በፊት በመፈተሻ ወረቀት እዩት፣ አሮጌ ጠርሙስ አንስታችሁ አድርቃችሁ አታትንኑ።

ጠጣሩን ሶክስሌት (በሚፈላ አሟሚ ደጋግሞ የሚያጥብ የመስታወት ዕቃ) ላይ አድርጉና የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ቀለም አልባ እስኪሆን እጠቡት። አዳሩን ሊወስድ ይችላል። የቀረውን በቫኪዩም አድርቃችሁ ክብደቱ አልለወጥ እስኪል መዝኑ። የሟሟውን ደግሞ በተለያዩ አሟሚዎች በደረጃ ትለያላችሁ። በሄክሴን የሚሟሟው "ዘይት" ይባላል። በሄክሴን እምቢ ብሎ በቶሉይን የሚሟሟው አስፋልቲን ነው። በቶሉይንም እምቢ ብሎ በቴትራሃይድሮፉራን ብቻ የሚሟሟው ቅድመ አስፋልቲን ነው። ወደ ነዳጅነት የቀረበው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በደረቅ ዱቄት መልክ የምታገኟቸው ጥቁር ነገሮች ናቸው።

አሁን ያ "90 በመቶ" የሚባለው ወሬ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ብዙ ጊዜ በቴትራሃይድሮፉራን ሟሟ ማለት ነው እንጂ ነዳጅ ሆነ ማለት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "በምን ሟሟ?" ነው።

ስሌቱ ላይ

3.00 ግራም ደረቅ ከሰል፣ 10 በመቶ አመድ። አመዱ 0.30 ግራም ነው፣ ሊቀየር የሚችለው 2.70 ግራም ብቻ ነው። ሳይሟሟ የቀረው 0.84 ግራም ቢሆን ከሱ ውስጥ 0.30 አመድ ነው፣ ስለዚህ ያልተቀየረው 0.54 ግራም። 0.54ን ለ2.70 አካፍሉ፣ 20 በመቶ። የተቀየረው 80 በመቶ። አመዱን የረሳ ሰው 0.84ን ለ3.00 አካፍሎ 72 በመቶ ይላል፤ በአንድ ሙከራ 8 ነጥብ ልዩነት፣ ያውም ሳይሳሳት በጥንቃቄ መዝኖ።

ከዚያ ቅሪቱን አቃጥላችሁ አመዱን መዝኑ። 0.30 አካባቢ መምጣት አለበት። በጣም ካነሰ ቅሪት ባክኗል ማለት ነው፣ ማጣሪያው ላይ ወይም ሪአክተሩ ክር ውስጥ፤ የባከነው ሁሉ ደግሞ "ተቀየረ" ተብሎ ይቆጠርላችኋል። ካታሊስት ካስገባችሁም ክብደቱን ቀንሱ። የብረት ኦክሳይድ አስገብታችሁ ሰልፋይድ ሆኖ ስለሚወጣ ያስገባችሁትን ክብደት መቀነስ ልክ አይመጣም፣ 0.10 ግራም የገባው ወደ 0.11 ይጠጋል።

ትልቁ ወጥመድ ዘይቱ ነው። ቴትራሊኑና ናፍታሊኑ ከዘይቱ ጋር ስለሚቀላቀሉ ዘይቱን ብቻውን መመዘን ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በልዩነት ያሰላዋል፦ ከመቶ ላይ ቅሪቱን፣ አስፋልቲኖቹንና ጋዙን ቀንሶ የተረፈውን "ዘይትና ውሃ" ይለዋል። ይሄ ስሌት ሁልጊዜ መቶ ይሞላል፣ ችግሩም ያ ነው። የፈሰሰው፣ የተነነው፣ ሚዛን ላይ የተሳተው ሁሉ ዘይት ሆኖ ይመዘገባል። በጋዝ ክሮማቶግራፍ (የተቀላቀሉ ነገሮችን ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ) ቴትራሊንና ናፍታሊንን ለይታችሁ ለኩ፤ የናፍታሊኑ መጠን በዚያውም ከአሟሚው ስንት ሃይድሮጅን እንደወጣ ይነግራችኋል። በተጨማሪ ከሰል የሌለበት፣ ቴትራሊን ብቻ ያለበት ባዶ ሙከራ ሥሩ። ሌላ ደግሞ በሃይድሮጅን ፈንታ ናይትሮጅን ሞልታችሁ። በናይትሮጅኑና በሃይድሮጅኑ መካከል ልዩነት ካልታየ ሥራውን የሠራው ቴትራሊኑ ነው፣ ስለ ጋዙ ወይም ስለ ካታሊስቱ የምትጽፉት ነገር ገና የለም።

እያንዳንዱን ሁኔታ ቢያንስ ሦስቴ ድገሙ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። በሙቀት መጀመር ጥሩ ነው፦ 375፣ 400፣ 425፣ 450። ከታች ወደ ላይ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚሟሟው ይጨምራል፣ ከዚያ ዘይቱ ይጨምራል፣ በስተመጨረሻ ጋዙና ኮኩ መብዛት ይጀምራሉ። ያ መታጠፊያ ለእናንተ ከሰል የት ላይ እንደሆነ ካገኛችሁ በኋላ ወደ ካታሊስት ግቡ።

ያገኛችሁትን ዘይት ደግሞ ሞተር ውስጥ ለማስገባት አትቸኩሉ። ገና ናይትሮጅን፣ ድኝና ኦክስጅን አለበት፤ በሌላ ካታሊስት ላይ እንደገና በሃይድሮጅን መጽዳት ይፈልጋል። ከጸዳም በኋላ አሮማቲክ ስለሚበዛበት ለቤንዚን ይቀርባል እንጂ ናፍጣው የሴቴን ቁጥሩ (ሞተር ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠል የሚያሳየው) ዝቅ ይላል። በዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ የሚገኘው ናፍጣ ግን ሴቴኑ ከፍተኛ ነው። ሁለቱን መቀላቀል የሚለው ሐሳብ የመጣውም ከዚህ ነው።